ክፉ ወሬ ቀድሞ የሚነገርበት ውል፦ የትብብር ኮንትራት ለድሬዳዋና ለሐረር ግንባታ

በድሬዳዋ ወንዝ ዳር ግንባታ የሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ጎርፉ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይጥል ይመጣል። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ፣ በደንገጎና ከዚያ ወዲያ ባሉት ተራሮች ነው፤ ደረቁ የደቻቱ አሸዋ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደፈረሰ ውሃ ይሞላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ከገደለ ወዲህ ይህ ነገር ለድሬዳዋ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በቢሮ መሐንዲስነት በሠራሁበት የወንዝ ዳር ሳይት ላይ የጥበቃ ሠራተኛችን ደንገጎ የሚኖር ዘመድ ነበረው፤ ላዩ ላይ ደመናው ሲከብድ ይደውልለታል። ስልኩ በጮኸ በደቂቃዎች ውስጥ የቀን ሠራተኛው ከመሠረቱ ጉድጓድ ይወጣል፣ ኤክስካቫተሩ ወደ ዳር ይነሳል፣ ሲሚንቶው ሸራ ይለብሳል። ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ ለመናገር ሥልጣን እንዳለው፣ ወሬው ለምን በደብዳቤ እንዳልመጣ የጠየቀ ሰው አንድም ቀን አላየሁም።

በዚያው ሳይት ላይ ሌላ ክፉ ወሬ ነበር፤ እሱ ግን ለመነገር ሁለት ወር ፈጀበት። የድጋፍ ግንቡ መሠረት በንድፉ ላይ በተመለከተው ጥልቀት ጠጠር የተቀላቀለበት ጠንካራ አፈር ላይ ያርፋል ተብሎ ነበር የተሰላው። ስንቆፍር ያገኘነው ልቅ አሸዋ፣ ከሥሩም የድሮ ፍርስራሽና የዛገ ቆርቆሮ ነበር። ፎርማናችን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ በጫማው ጫፍ አፈሩን ገፋ ገፋ ሲያደርገው ዳሩ ተንዶ ወደ ውስጥ ፈሰሰ፤ «አቦ፣ ይሄ መሬት ግንብ አይሸከምም» አለ። ይህን ሲል እኔ፣ የተቋራጩ ሳይት ሥራ አስኪያጅና የአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አጠገቡ ነበርን። ሦስታችንም ሰማን፤ ሦስታችንም አየን። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተጻፈው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ በዚያ መሐል አርባ ሜትር ግንብ ተሠርቶ በኋላ ከፊሉ እንዲፈርስ ሆኗል።

ይህን የማነሳው ከዚያ ሳይት ሰዎች አንዱን ለመክሰስ አይደለም። ሁሉም ሥራቸውን የሚያውቁና የሚወዱ ነበሩ። ዝም ያሰኛቸው የፈረሙት ውል ነው፤ እንዴት ዝም እንዳሰኛቸው ደግሞ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ስለ ትብብር ኮንትራት የሚነገረው ሁሉ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ከተቋራጩ እንጀምር። ጨረታውን ያሸነፈው በዝቅተኛ ዋጋ ነበር፤ ትርፍ የሚያገኝበት በር ደግሞ የሥራ ለውጥና የካሳ ጥያቄ፣ እኛ በሙያው ቋንቋ ቫሪየሽንና ክሌም የምንለው ብቻ ነበር። የአፈሩን ጉዳይ ገና በመጀመሪያው ቀን ቢያነሳ ምናልባት ርካሽ መፍትሔ ይገኝ ነበር፤ ርካሽ መፍትሔ ግን የእሱን ኪሳራ አይሞላም። በአንጻሩ መዝገቡን በጥንቃቄ ይዞ፣ ቀናቱን ቆጥሮ፣ ማሽን የቆመበትን ሰዓት ሁሉ ጽፎ ቢቆይ ጥያቄው ይወፍራል። አማካሪውን ብንወስድ መሠረቱን የነደፈው ራሱ ነው፤ በዚያ ርዝመት ላይ ያስቆፈረው የሙከራ ጉድጓድ ደግሞ ሁለት ብቻ ነበር። «አፈሩ ከተጠበቀው ይለያል» ብሎ መጻፍ ማለት የራሱን ስህተት በራሱ ፊርማ ማጽደቅ ነው። የአሠሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊም ቢሆን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋበታል፤ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ ማለት ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤና «ቀድሞ ለምን አላወቅህም?» የሚል ጥያቄ ማለት ነው። እንግዲህ ሦስት ወገን አለ፣ ሦስቱም እውነቱን ያውቃል፣ ሦስቱም ዝም ቢል ይሻለዋል። ጎርፉን ለመናገር ማንም አላመነታም፤ ሲናገር የሚከፍለው ነገር አልነበረምና። የአፈሩ ወሬ ግን ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ቀድሞ የተናገረው ሰው ነበር።

የትብብር ኮንትራት፣ በእንግሊዝ አገር ፓርትነሪንግ የሚባለው አሠራር፣ መነሻው ይኸው ችግር ነው። ብዙ ጊዜ አሠሪና ተቋራጭ ተስማምተው፣ ተከባብረውና ተዋድደው የሚሠሩበት ውል ተደርጎ ሲተረጎም እሰማለሁ። ይህ አተረጓጎም ጎጂ ይመስለኛል፤ ፍቅር በውል አይታዘዝም፣ በፍቅር ላይ የተመሠረተ ውልም የመጀመሪያው ትልቅ ኪሳራ ሲመጣ ይፈርሳል። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ሌላ ነው፤ ክፉ ወሬን ቀድሞ የተናገረ እንዳይጎዳ፣ የደበቀ ደግሞ እንዲጎዳ አድርጎ የክፍያውንና የኃላፊነቱን ሥርዓት ማዋቀር ነው።

እንግሊዞች ወደዚህ የመጡት ተማርረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የግንባታ ዘርፋቸው በክርክር ታንቆ ስለነበር መንግሥትና ኢንዱስትሪው በጋራ ሰር ማይክል ሌተም የተባሉትን ሰው ጥናት እንዲያደርጉ ጠየቋቸው፤ ሪፖርታቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በሰር ጆን ኢገን የተመራው ግብረ ኃይል ሌላ ሪፖርት አከለበት። ሌተም በተለይ የደገፉት ገና በ1993 ታትሞ የነበረውን «ኤንኢሲ» የተባለ አዲስ የውል ዓይነት ነበር፤ ይህ ውል በ2005 እና በ2017 እንደገና ተሻሽሏል። በ2000 ደግሞ «ፒፒሲ 2000» የተባለው መጣ፤ አሠሪው፣ አማካሪዎቹ፣ ተቋራጩና ዋና ዋና ንዑስ ተቋራጮች ሁሉ አንድ ውል ላይ በአንድነት የሚፈርሙበት የመጀመሪያው መደበኛ ቅጽ እሱ ነው።

ከኤንኢሲ ውስጥ ለእኛ ሳይት መልስ የሚሆነው የአስቀድሞ ማስጠንቀቂያ አንቀጹ ነው። ተቋራጩም ሆነ በአሠሪው በኩል ያለው የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ዋጋን የሚጨምር፣ ጊዜን የሚያስረዝም ወይም የሥራውን ጥራት የሚያጓድል ነገር ባወቁ ጊዜ ወዲያው ለሌላው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ማስታወቂያው ክስ አይደለም፤ የገንዘብ ጥያቄም አይደለም። ጉዳዩ በጋራ የሚያዝ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ በስብሰባውም የሚጠየቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ሳይሆን «ምን ብናደርግ ጉዳቱ ይቀንሳል?» የሚለው ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ምክር ሆኖ በቀረ ነበር። ጥርስ ያወጣው ቀጥሎ ባለው ድንጋጌ ነው፤ ልምድ ያለው ተቋራጭ ሊያስጠነቅቅ ሲችል ካላስጠነቀቀ፣ በኋላ የሚሰጠው ካሳ የሚሰላው በጊዜው አስጠንቅቆ ቢሆን ኖሮ ይወጣ በነበረው ወጪ ልክ ነው። በዝምታ ያወፈረው ክሌም ወደ መጀመሪያው ቀን ልኩ ይመለሳል ማለት ነው።

እኛ አገር በተለይ በዓለም አቀፍ ብድር በሚሠሩ መንገዶች ላይ የለመድነውን የፊዲክን፣ የዓለም አቀፉን የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ውል ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚያስጠይቀውን ነገር ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ብዙ ባልደረቦቼ ይህንንና የአስቀድሞ ማስጠንቀቂያውን አንድ አድርገው ያዩታል። የ28 ቀኑ ደብዳቤ የሚጻፈው ግን መብትን ለማስከበር ነው፤ በሕግ ባለሙያ ዓይን ይረቀቃል፣ መልሱም በሕግ ባለሙያ ዓይን ይረቀቃል፣ ጉድጓዱ በዚህ መሐል ክፍት ሆኖ ይቆያል። ፊዲክ ራሱ ልዩነቱን ስላወቀ በ2017 እትሙ የአስቀድሞ ማስጠንቀቂያን ግዴታ ለብቻው አንቀጽ ሰጥቶታል፤ በተዋዋዮቹ መካከል የሚነሳውን ክርክር የሚዳኘውን የክርክር ቦርድ ስምም ለውጦ፣ ክርክርን ከመዳኘት በፊት ማስቀረት ተግባሩ እንዲሆን አድርጎታል።

ሁለተኛው መሣሪያ የዒላማ ወጪ ነው፤ ሒሳቡ በምሳሌ ይሻላል። አሠሪውና ተቋራጩ የአንድ ግንብ ወጪ 100 ሚሊዮን ብር እንዲሆን ተስማሙ እንበል፤ ልዩነቱን እኩል ለመካፈልም ተዋዋሉ። ሥራው በ90 ሚሊዮን ካለቀ የተረፈው 10 ሚሊዮን ለሁለት ይከፈላል፤ ተቋራጩ ወጪውን 90 ሚሊዮን እና 5 ሚሊዮን ምርቃት ያገኛል፣ አሠሪውም ከተዘጋጀበት 5 ሚሊዮን ያነሰ ያወጣል። 112 ሚሊዮን ከፈጀ ትርፍ ወጪው 12 ሚሊዮን ነው፤ ተቋራጩ 6ቱን ከኪሱ ይችላል። አሁን ወደ ፎርማናችን ጉድጓድ እንመለስ። በዚህ ሒሳብ የተዋዋለ ተቋራጭ የአፈሩን ጉዳይ ሁለት ወር ቢደብቅ በየቀኑ የሚፈሰው ገንዘብ ግማሹ የራሱ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ምሽት ይናገራል። ቅን ሰው ሆኖ አይደለም፣ ወይም ቅን ሰው ቢሆን ባይሆን ለውጥ አያመጣም። ለእኔ የዚህ ውል ውበት እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን ጠባይ ለመለወጥ አይሞክርም።

ከዚህ ርቆ የሚሄደው አሊያንስ የሚባለው ነው፤ ሁሉም ወገኖች ተሰብስበው ትርፉንም ኪሳራውንም በአንድነት የሚሸከሙበት፣ እርስ በርስ ከመካሰስም የሚታቀቡበት። የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ በሰሜን ባሕር ባለው የአንድሩ የነዳጅ መስክ ላይ ከሰባት ተቋራጮች ጋር የገባው ውል እስካሁን በምሳሌነት ይጠቀሳል፤ 373 ሚሊዮን ፓውንድ ዒላማ ተይዞ በ290 ሚሊዮን፣ ከታቀደለትም ስድስት ወር ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ነዳጅ መስጠት ጀመረ። የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ አምስተኛ ተርሚናልም እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የአየር ማረፊያው ባለቤት የግንባታውን ዋና ዋና ስጋት ራሱ ተሸክሞ፣ ተቋራጮቹን ስጋት ከማከፋፈል ይልቅ ችግር በመፍታት እንዲጠመዱ ባደረገበት ስምምነት ነው። በመክፈቻው ቀን ሻንጣዎች ተዘበራርቀው ዝግጅቱ ቢያሳፍርም ግንባታው ግን በጊዜው ተጠናቋል። የታሪኩ ሌላ ገጽ መረሳት የለበትም። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ፕሮጀክቶች ባህላዊውን ውል እንዳለ ትተው ከላዩ ላይ «በመተማመን እንሠራለን» የሚል ሰነድ ብቻ ፈርመው ነበር፤ ሰነዱ አስገዳጅነት ስላልነበረው ችግር ሲመጣ ሁሉም ወደ ዋናው ውል ሮጠ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላም ብዙ አሠሪዎች ወደ ዝቅተኛ ዋጋ ጨረታቸው ተመልሰዋል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ አንድ የሚያበረታታ ነገር እናገኛለን። ኤንኢሲ ተዋዋዮቹ በመተማመንና በመተባበር መንፈስ እንዲሠሩ በመጀመሪያው አንቀጹ ሲያዝ የእንግሊዝ ጠበቆች ግራ ተጋብተው ነበር፤ በእነሱ ሕግ ቅን ልቦና ለውል ሁሉ የሚሠራ ጠቅላላ መርህ አልነበረምና። እኛ ዘንድ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1732 ውሎች በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን ታማኝነትና መተማመን መሠረት አድርገው በቅን ልቦና እንዲተረጎሙ ያዛል። እነሱ በውል አንቀጽ ሊያስገቡ የታገሉለት ሐሳብ በእኛ ሕግ ውስጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ተቀምጧል። የጎደለን መርሁ አይደለም፤ መርሁን ወደ ሳይቱ የሚያወርደው አሠራር ነው። በአገር ውስጥ ስንጠቀምባቸው የኖርናቸው መደበኛ የውል ሁኔታዎች፣ በሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውም ሆነ በመንግሥት ግዥ ኤጀንሲ በኩል በ2006 እና በ2011 የተዘጋጁት፣ በዋናነት አሠሪው ያዛል፣ መሐንዲሱ ይቆጣጠራል፣ ተቋራጩ ይሠራል በሚል መዋቅር የቆሙ ናቸው። በፌዴራል ደረጃ ለዓመታት በተሠራበት የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 መሠረት ደግሞ ቴክኒካዊ መስፈርቱን ያሟላና ዝቅተኛ የተገመገመ ዋጋ ያቀረበ ተጫራች ያሸንፍ ነበር፤ የእኛ ተቋራጭ በክሌም ለመኖር የተገደደበት በር ይኸው ነበር።

ስለ ትብብር ውል በተነሳ ቁጥር «ይህ እኮ የእኛው ደቦ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ በሐረር ደግሞ ሠርጉንም ሐዘኑንም በጋራ የሚያነሳውን የሐረሪዎቹን አፎቻ የሚጠቅሱ አጋጥመውኛል። ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን ንጽጽሩ ያሳስተናል። ደቦ የሚጠራው ሰው ጠላና ንፍሮ ያቀርባል እንጂ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ አይቆጥርም። ለዚህ ውል የሚቀርበው ወንፈል ነው። በወንፈል ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አንድ ቀን ካረምኩ አንተም የእኔን አንድ ቀን ታርማለህ፤ ቀኑ ይቆጠራል፣ ዕዳው ይታወቃል፣ ሰነፍ ሠራተኛ የላከ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አጋር ያጣል። መረዳዳቱም ሒሳቡም አንድ ላይ ናቸው። ሒሳብ የሌለበት ትብብር ደስ የሚል ስብሰባ ይወጣዋል፣ ግንብ ግን አይወጣውም።

ሒሳቡ ላይ ደግሞ ከባዱ እንቅፋታችን ይጠብቀናል። የዒላማ ወጪ የሚሠራው ተቋራጩ መዝገቡን ለአሠሪው ክፍት ሲያደርግ ነው፤ እያንዳንዱ ወጪ በሰነድ መታየት አለበት። ድሬዳዋ ላይ አንድ መኪና አሸዋ ከወንዝ ሲጫን ምን ሰነድ አለው? ጫኞቹ በእጅ በእጅ ይከፈላቸዋል፣ ሹፌሩ ዋጋውን በቃል ይናገራል፣ ዋጋውም ጠዋትና ከሰዓት ይለያያል። ድንጋይ ጠራቢው፣ ውሃ በቦቴ የሚያመጣው፣ በሙቀቱ ምክንያት አዲስ ኮንክሪት ቀን ከሌት ውሃ የሚያጠጣው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ደረሰኝ የለውም። በቢሮ መሐንዲስነቴ ከእነዚህ ወጪዎች ትልቁ ክፍል በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ በእርሳስ ተጽፎ የሚኖር ነበር። ደብተሩ ውሸት አልነበረም፤ ለኦዲተር ግን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ክፍት መዝገብ ወደዚህ ሲመጣ ቅርጹን መለወጥ አለበት። ደረሰኝ ለማይገኝላቸው ቁሳቁሶች ሁለቱ ወገኖች በየወሩ አብረው ገበያ ወጥተው የሚስማሙበት የዋጋ ሠንጠረዥ፣ መጠኑ ደግሞ በሳይት መግቢያ ላይ በሁለቱም ተወካዮች ፊርማ የሚመዘገብበት አሠራር ቢኖር አብዛኛው ችግር ይቃለላል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው እንቅፋት ፊርማ ነው። አንድ የመንግሥት መሐንዲስ የተቋራጩን ትክክለኛ ጥያቄ ተቀብሎ ከፈረመ «ምን አግኝቶ ነው?» ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል፤ ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ መሥሪያ ቤቱ እጥፍ ቢከፍል ግን ማንም አይጠይቀውም። ያልፈረመ አይጠየቅም የሚለው ልማድ በየቢሮው ሥር ሰዷል። ትብብር በፊርማ የሚኖር ነገር ስለሆነ ይህ ፍርሃት እያለ የትኛውም ዘመናዊ ውል ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በሌላ ወገን ጥርጣሬውን ያለ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ትብብር የሚለው ቃል ለመመሳጠር መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የተሻለው መከላከያ የሚገኘው ከመቀራረብ በመሸሽ ሳይሆን ሦስተኛ ዓይን በማስገባት ነው፤ የዒላማውን ዋጋ ከሁለቱም ወገን ነፃ የሆነ ገማች ቢፈትሸው፣ ተቋራጮቹም ቢያንስ በትርፍ መቶኛቸውና በአስተዳደር ወጪያቸው ላይ ቢወዳደሩ፣ ፈራሚው መሐንዲስ የሚያሳየው ሰነድ ይኖረዋል።

የገንዘብ ዋጋ ነገርስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረት፣ ነዳጅና መለዋወጫ በዚያ ልክ ሲሰቅል ያ ስጋት የአሠሪውም የተቋራጩም ጥፋት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ስጋት በግማሽ በግማሽ እንካፈል ማለት ትብብር አይባልም፤ አቅም የሌለውን ተቋራጭ መግደል ነው። ዒላማው ራሱ ከዋጋ ማስተካከያ ቀመር ጋር መያያዝ፣ መካፈሉም ሁለቱ ወገኖች በእጃቸው ሊቆጣጠሩት በሚችሉት ወጪ ላይ ብቻ መወሰን አለበት።

ለዚህ ዓይነት ውል ከሁሉ በላይ የሚመች ሥራ የት አለ ብባል ሐረር ነው የምለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር በግንብ ያስከበቡት የጀጎል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ሲጠገን ከጨረታው በፊት የሥራውን መጠን በትክክል መዘርዘር የሚችል ሰው የለም። የድንጋዩና የጭቃው ግድግዳ በኖራ ተለብጦ፣ በላዩ ላይ እንደገና ተለብጦ፣ አንዳንዱ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በሲሚንቶ ተመርጎ ይገኛል፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አላስወጣ ስለሚል ውስጡ ያለው ጭቃ ረጥቦ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ግድግዳው ጤነኛ ይመስላል። ጣሪያውን የተሸከሙት ወራጆች ራሳቸው ምስጥ በልቷቸው እንደሆነ የሚታወቀው ሲነሱ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ግንበኛ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ሲያዳምጥ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሦስት ቦታ ላይ እጁን አሳርፎ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ባዶ ነው» አለኝ፤ ልስኑ ሲነሳ ሦስቱም ቦታ እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ይህ ሰው ግን ወደ ሥራው የመጣው ንድፉ ከጸደቀ፣ የመጠን ዝርዝሩ ከተዘጋጀና ዋናው ተቋራጭ ካሸነፈ በኋላ፣ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ሆኖ ነው። የትብብር ውሎች ከሚያስተካክሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሠሪው ንድፉ ከማለቁ በፊት ይጠራል፣ ለምክሩ ይከፈለዋል፣ ዋጋውም ከዚያ በኋላ ይቆረጣል። በአሮጌ ቤት እድሳት ላይ አሠሪው፣ አርክቴክቱ፣ ተቋራጩና ግንበኛው አንድ ውል ላይ ቢፈርሙ የሚቃወም ምክንያት አይታየኝም፤ ሥራዎቹ ትንንሽ ስለሆኑም ስህተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ ነው።

ለትልልቁ የመንግሥት ሥራ ግን አሁኑኑ ወደ አሊያንስ እንዝለል የሚለውን አልደግፍም። በሥራ ላይ ባሉት ውሎች ውስጥ፣ በልዩ የውል ሁኔታዎች ክፍል፣ የአስቀድሞ ማስጠንቀቂያን ግዴታና የዝምታን ቅጣት ማስገባት ይቻላል፤ የጋራ የስጋት መዝገብ መያዝም የሚከለክል ሕግ የለም። ከክርክር ቦርዱ አባላት አንድ ሰው እንኳ ሥራው ሲጀመር ተሰይሞ በየሦስት ወሩ ሳይቱን ቢጎበኝ፣ ዛሬ ሥራው ካለቀ በኋላ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ይበቃዋል። የዒላማ ወጪን ለመሞከር ደግሞ ከወንዝ ዳር የድጋፍ ግንብ የተሻለ ሥራ አላገኘሁለትም፤ ሥራው ተደጋጋሚ ነው፣ መሬቱ ግን በየመቶ ሜትሩ ይለያያል።

በእኛ ሳይት የኋላ ኋላ ነገሩ በከፊል ተስተካክሏል። ከፊሉ ግንብ ከፈረሰ በኋላ ተቆጣጣሪው መሐንዲስና ሳይት ሥራ አስኪያጃችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አብረው ጉድጓድ መመልከት ጀመሩ። የሚቀጥለውን ሃያ ሜትር መሬት ቀድመው በትንሽ ጉድጓድ ያስፈትሻሉ፤ ያገኙትን እኔ በሁለቱም ፊት እጽፋለሁ፤ ሁለቱም ከሥሩ ይፈርማሉ። ውሉ ይህን አይጠይቅም ነበር፣ ስለዚህ ደብተሩ ለማንም አልተላለፈም። የግንቡ ቀጣይ ምዕራፍ በአዲስ ጨረታ ለሌላ ተቋራጭ ተሰጠ፤ የመነሻው መቶ ሜትር ደግሞ እኛ ለዝግጅት ቀድመን ፈትሸን የጻፍነው መሬት ነበር። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ወር የአዲሱ ተቋራጭ ቢሮ መሐንዲስ ስልኬን ከሰው አግኝታ ደወለች፤ ልቅ አሸዋ ገጥሟቸው ቆመው ነበር። ያን ምሽት ደብተሩን አውጥቼ ከገጽ 31 እስከ 38 ያለውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና በቴሌግራም ላክሁላት።